ሠላሳ ሜትር ሆዝ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ብርድ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በበሩ ሥር ገብቶ እግሬን ፈልጎ ያገኘዋል። ሁለት ካልሲ ደርቤም ያው ነው።

የአየር ኮምፕሬሰሩ መጣ! ስምንት ወር የጠበቅነው። አምስት ሰው ተጋግዞ ከመኪና አወረደው። አብሮኝ የመኪና ጥገና የሚያስተምረው እንዳላማው ሙሽራ እንደመጣችለት ሰው ዙሪያውን ይዞራል። በአየር የሚሠሩ ሁለት የብሎን መፍቻዎችም አብረው መጥተዋል። ሆዝ ግን የለም። አየሩ ከታንኩ ወደ መፍቻው በምን ይሂድ? በጸሎት?

የዕቃ መጠየቂያ ሞላሁ። ቶሎ ቶሎ፣ ክፍል ነበረኝ። ለጋሼ አንሙት ሰጠሁ። የኮሌጁ ግዢም ንብረትም እሳቸው ናቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ለአንድ እስክሪብቶ ሦስት ፊርማ የሚያስፈርሙ ሰው! እንዳላማው «ገነትም ቢሆን ቅጽ ሳያስሞሉ አያስገቡም» ይላቸዋል።

«በልተሻል፣ ልጄ?» አሉኝ ወረቀቱን ሲቀበሉ።

ከሆሳዕና ከተማ ከመጣሁ ዓመት ከአምስት ወር። በዚህ ከተማ ይህን የሚጠይቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። ክፍሌን ጠረግሁ። ገና አምስት ሰዓት። ከዚያስ?

አከራዬ ወይዘሮ የብርጓል ማኅበር ሄደዋል። ግቢው ውስጥ እኔና ዶሮዎቹ ነን። እናቴ ደወለች፤ «ሰው ለመድሽ?» አለችኝ። «ለምጃለሁ» አልኳት። ዋሸሁ። ቅዳሜና እሑድ ሳልናገር ስለምውል ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ አልወጣ ይለኛል... ተማሪዎቹ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ተነሥቼ ልጻፈው።

ጠዋት ጋሼ አንሙት ሆዙን አመጡ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ። የአትክልት ማጠጫ ነው! ጫፉን ደግሞ እዚህ ጎማ ጠጋኞቹ ሁሉ እንደሚያደርጉት ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በቀጭኑ ቀደው ጠፍረው አስረውታል። አስተሳሰሩ ያምራል፣ እውነት ለመናገር።

«ራሴ ነኝ ያሰርኩት» አሉ ደስ ብሏቸው። «በሬ ቢጎትተው አይላቀቅም።»

መልሱት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ተማሪዎቹ ተሰብስበዋል፣ እንዳላማው መፍቻውን ይዟል፣ እሳቸውም ቆመው ያያሉ። ምን ልበል? እስኪ እንየው አልኩ።

የግፊት ጌጁ ስምንት ባር ላይ ሲደርስ ሆዙ ያብጥ ጀመር። እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ... ድው! ከታሰረበት አምልጦ በአየር ላይ ተገረፈ። የእንዳላማውን ጉንጭ አገኘው። ደም። አንድ ጣት ከፍ ቢል ዓይኑ ነበር።

ጋሼ አንሙት የአንገታቸውን ፎጣ ጉንጩ ላይ ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እኔ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቼ ተማሪዎቹን አሰናበትኩ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

አራት ስፌት። ዓይኑ ደህና ነው፣ ተመስገን።

«ለዲኑ በጽሑፍ አቀርባለሁ» አልኩት።

«ተይ ሩሃማ» አለ፣ በታሸገ ጉንጩ። «ሂጂና ለሰውየው በቃል ንገሪያቸው። ይሰማሉ።»

«የተሰነጠቀው የአንተ ፊት ነው እኮ!»

«ፊቴ ነዋ። ተይ የምልሽ እኔው ነኝ።»

ሰምቼው ነው? ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ጻፍኩ። «ንብረት ክፍሉ ከተጠየቀው ዝርዝር ውጪ፣ ለአየር ግፊት የማይሆን ሆዝ በማቅረቡ በመምህር ላይ ጉዳት ደርሷል።» ሁለቴ አነበብኩት። እንዲያውም ደስ አለኝ፣ እንዴት ያለ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ብዬ። አስገባሁ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ለጋሼ አንሙት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያቸው። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው!

ይህን አላውቅም ነበር። ማለቴ... ጡረታውን አውቅ ነበር። ፋይላቸው ውስጥ አንድም ክፉ ወረቀት እንደሌለ ግን አላውቅም። የዲኑ ጸሐፊ ናት የነገረችኝ። «አንድ የሚኮሩበት ነገር እሱ ነበር» አለች፣ ፊቴን ሳታይ።

ጠመኔ ልወስድ ግምጃ ቤት ሄድኩ።

«ምን ልታዘዝ፣ መምህርት?» አሉኝ ጋሼ አንሙት።

መምህርት!

«እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

በእኔ ዕድሜ ልጅ ያላቸው ሰው «ይፈርሙ» አሉኝ። ፈረምኩ። ጠመኔዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ እንደ ጅል።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ከሰው ጋር ያወራሁት በሙሉ፦ «ወራጅ አለ።» ለባጃጁ ነው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

መምህራን ክበብ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጨዋታቸው ቀዘቀዘ። አንዱ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ አልጮኸም። ሌላው ክፍል አለኝ አለ፤ ክፍል እንደሌለው አውቃለሁ። ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ወይዘሮ የብርጓል በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ አንሙትን የከሰስሽው አንቺ ነሽ?»

«አልከሰስኩም! ሪፖርት ነው የጻፍኩት።»

«ቀድመሽ ለእሱ ነግረሽዋል?»

«አይ...»

«እንግዲያማ ከሰስሽው! እኛ ዘንድ ሰው ሲያጠፋ መጀመሪያ ለብቻው ይነገረዋል። እምቢ ካለ ሽማግሌ ይላክበታል። ወረቀት ይህ ሁሉ ካለቀ ወዲያ ነው። አንቺ ከመጨረሻው ጀመርሽ።»

ከመጨረሻው ጀመርሽ። ግን እኮ እውነቴን ነው! የሰው ዓይን ሊጠፋ ነበር! እውነት ይዞ እንዲህ ብቻውን የሚቀር ሰው አለ?

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ምን ጉድ ነው ያገኘኝ።

አዲስ ሆዝ ልጠይቅ ቅጽ አወጣሁ። በዚህኛው ሁሉንም ልጽፍ፦ ለአየር የሚሆን፣ በውስጡ ክር የተጠለፈበት፣ ሃያ ባር ግፊት የሚችል። የፊተኛውን አጻጻፌን ለማየት ብዬ እኔ ጋ የቀረውን ሮዙን ቅጂ ከመሳቢያዬ አወጣሁት።

«ሆዝ፣ 10 ሚሜ፣ 30 ሜትር።»

በቃ። ይኸው ነው። ለአየር አይል። ስንት ባር አይል። መጋጠሚያ የለ፣ ጫፉን ጠፍሮ የሚይዘው የብረት ፋሼታ የለ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ፊርማዬ። ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ፣ እዚያ ጽፌው ይሆን ብዬ... ባዶ።

ጋሼ አንሙት ያመጡት አሥር ሚሊ ነው። ሠላሳ ሜትር ነው፣ አንዲት ክንድ ሳይጎድል። ማሰሪያ ስላልጠየቅሁ ከራሳቸው ካላማዳሪ ቀደው አሰሩልኝ። እኔ ደግሞ «ከተጠየቀው ዝርዝር ውጪ» ብዬ ጻፍኩባቸው። የቱ ዝርዝር?

አሥር ሚሊውስ ቢሆን! ለሠላሳ ሜትር ይቀጥናል፤ አየሩ መንገድ ላይ ደክሞ መፍቻው ጋ ሲደርስ ጉልበት የለውም። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምራለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ ሌላ ሰው አስለቀምኩ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ዋናው፣ ነጩ ቅጂ፣ እሳቸው ጋ ነው። ወረቀት የማይጥሉ ሰው... ለምን አላሳዩትም? አንድ ጊዜ ቢያሳዩት እሳቸው ነፃ፣ እኔ ጉድ።

ኮንትራቴ ሰኔ 30 ያልቃል። ይህ ቢታወቅ ማን ያድስልኛል? ሆሳዕና ተመልሼ ለእናቴ ምን ልበል? የቤት ኪራይዋን የምልክላት እኔ ነኝ።

ሮዙን ቀድጄ ብጥለውስ? እሳቸው ዝም ብለዋል። እኔም ዝም ብል ማን ያውቃል?

ቀኑን ሙሉ በኪሴ ይዤው ዋልኩ። አልቀደድኩትም። አላሳየሁትምም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ብሎን ይለያሉ፣ ትልቁን ከትንሹ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። መነጽራቸውን እንኳ አላጠለቁም።

«አውቃታለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰጠሽኝ ቀን ጀምሮ ነዋ! ነጯ እኔ ጋ አይደለች?»

አንቺ አሉኝ። ልቤ ዘለለ፤ ግን ጊዜው አልነበረም።

«ታዲያ ማስጠንቀቂያውን ሲሰጡዎት ለምን አላሳዩም?»

ብሎን መለየታቸውን ቀጠሉ። «እኔ ክረምት ሲገባ ቤቴ ነኝ። አንቺ ኮንትራት ነሽ። በዚያች ወረቀት ያሰናብቱሽ ነበር። ዘመድ የለሽ፣ ወገን የለሽ...» አንድ ብሎን ወደ ትልቆቹ ጣሉና «ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት» አሉ።

«እኔ እኮ የተቆጡኝ መስሎኝ...»

«ተቆጥቻለሁ እንጂ! አሁንስ መች በረደልኝ? በልተሻል ወይ ብዬ የምጠይቅሽ ልጅ! ከዎርክሾፑ እስከዚህ ስንት እርምጃ ነው? መጥተሽ “ጋሼ፣ ይቺ ነገር አልሆነችም” ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ደብዳቤዬን እስባለሁ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ፣ ሆዙ ደህና ነበር ብዬ እጽፋለሁ።»

«ውሸት አትጻፊ!» ጠረጴዛውን ሲመቱት ብሎኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ደህና አልነበረም! የልጁን ጉንጭ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሚሆን ሳልጠይቅሽ፣ ነጋዴው ትችላለች ስላለኝ ገዛሁ። እሱ የእኔ ነው። የእኔን ለእኔ ተይልኝ።»

ተንበርክከን ብሎኑን አብረን ለቀምን።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ጻፍኩ። ይህኛው አጭር ነው። «የሆዙን ዝርዝር ያጎደልኩት እኔ ነኝ። የሚችለውን ግፊት አልጻፍኩም። ይህን ሳላረጋግጥ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አደረግሁ።» ሮዙን ቅጂ አያይዤ ለአቶ ጌታሰው፣ ለዲናችን፣ ሰጠሁ።

ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ «ማንም አልጠየቀሽ እኮ» አሉ። «ኮንትራትሽ ሲታይ ይህ ይነሣል። አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ጎበዝ መስዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ወይዘሮ የብርጓል በሰሃን ዶሮ ላኩልኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ከየቤቱ ሳቅ ይሰማል። እንቁላሉን ለማን ላካፍለው? በላሁት እኔው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

የጋሼ አንሙት ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ። የእኔ ተጻፈ። ሁለት መስመር ከግማሽ። ጸሐፊዋ ስታስፈርመኝ በዚህ ጊዜ ፊቴን አየችኝ፤ «አይዞሽ» አለችኝም።

እንዳላማው ጠባሳውን እያሻሸ «እኔ ጉንጬ ላይ፣ አንቺ ፋይልሽ ላይ» አለ። ሳቅሁ። ከመቼ ወዲህ ነው?

ጠመኔ ልወስድ ጋሼ አንሙት ጋ ሄድኩ። አላስፈረሙኝም። ወይ ጉድ! ይህን ለማን ልንገር፣ ማን ያምነኛል?

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

«ሆዙን ስንገዛ አንቺም ነይ። ዓይንሽ ያላየው ላይ አልፈርምም» ብለው ጋሼ አንሙት ይዘውኝ ወጡ።

አራት ሱቅ ዞርን። አበባው የሚባል ነጋዴ አንዱን ጥቅል ደበደበና «ጋሼ፣ ይቺ እኮ መድፍ ትችላለች!» አላቸው።

«መድፍ አልጠየቅንህም። ጎኗ ላይ ስንት ባር ይላል?»

ነጋዴው ፈለገ። የለም። ጋሼ አንሙት ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ሸርመም አደረጉ። የሆዝ አመራረጥ ያስተማርኳቸው ሐሙስ ነው፣ ግምጃ ቤታቸው ቁጭ ብለን። ጎኑ ላይ ያልተጻፈበትን አትመን። ጫፉን እይ፣ ክሩ ይታይ እንደሆነ። እጠፈው፣ ታጥፎ የሚቀረውን ተወው። ለረጅሙ መንገድ አሥራ ሦስት ሚሊ፣ መፍቻው ጋ ለምትቀጠለው አጭሯ አሥር ይበቃል።

ሆዙን ሦስተኛው ሱቅ አገኘነው፤ ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ሃያ ባር ይላል። መጋጠሚያው ግን አስለፋን። ሁለት ዓይነት አለ፣ መንትያ ይመስላሉ፤ የአንዱ ወንድ ጫፍ በሌላው ሴት ጫፍ ውስጥ ይገባል፣ አየር ሲመጣ ግን ይተነፍሳል። ጋሼ አንሙት አንድ በአንድ እያገጣጠሙ ጆሮአቸው ሥር ቀጭ ያደርጓቸዋል። «ይቺ አልተናገረችም» ይሉና ይመልሳሉ። ለእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ፋሼታ ወሰድን። ካላማዳሪ የሚል አልነበረም።

ስንመለስ ጥቅሉን በየተራ ተሸከምን። እግረ መንገዳችንን አጫወቱኝ፦ ሚስታቸው ካረፉ አምስት ዓመታቸው። ልጃቸው ሕሊና ጎንደር አግብታለች። ጡረታ ሲወጡ የትውልድ መንደራቸው ሮብ ገበያ፣ ሟች አባታቸው ቤት ይገባሉ።

«እዚያ ማን አለዎት?»

«ማን አለኝ? ሬዲዮዬ።» ሳቁ። «እዚህስ ቢሆን ቤት ስገባ እሷው አይደለች የምታናግረኝ።»

ዓመት ከስምንት ወር በልተሻል ሲሉኝ፣ እርስዎስ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። በዚህ ከተማ ብቸኛዋ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሠራ!

መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተን አየሩን ለቀቅን። አረፋው አልተነፋም። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት... ሆዙ ወለሉ ላይ ጸጥ ብሎ ተኛ። እንዳላማው ግን ግድግዳው ጋ ተለጥፎ ቆሟል! «ጉንጭ አንድ ነው የቀረኝ» አለ።

መፍቻውን ለጋሼ አንሙት ሰጠኋቸው። እምቢ አሉ። «ኧረ ምን ቆርጦኝ!» ለመንኳቸው። መከላከያ መነጽር አደረግሁላቸውና የመማሪያውን መኪና የእግር ጎማ ብሎን አስያዝኳቸው። ጠጠጠጠ! በሁለት ሰከንድ ተፈታ። ሠላሳ አንድ ዓመት መፍቻ ሲሰጡ ኖረው ይዘው ፈተው አያውቁም። አራቱንም እግር ፈቱ። «ደግሞ ማጥበቂያውስ?» አሉ። አጠበቁትም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ኮንትራቴ ታደሰ። ለስድስት ወር። ለሌሎቹ ዓመት ነው። አቶ ጌታሰው «ደብዳቤውን አይተን ነው» አሉ። «ሁለቱንም ደብዳቤ።»

ስድስት ወር። እሺ። እሳቸው በሌሉበት ስድስት ወር ደግሞ...

ሰኔ 27፣ ዓርብ

የጋሼ አንሙት መሸኛ ነበር። አዳራሹ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ንግግሩ ግማሹ አልተሰማም። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ።

መድረኩ ላይ ጋቢ ተደርቦላቸው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። የቤተሰብ ነው፤ ሕሊና አራስ ሆና አልመጣችም። አቶ ጌታሰው ፋይላቸውን አነበቡ። «በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት አንድም የዲሲፕሊን ቅጣት የሌለባቸው።» ተጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ። እጄን ጭኔ ላይ ያዝኩ።

ከዚያ ፎቶ ይነሣ ተባለ። ፎቶ አንሺው «ይህን ወንበር ላንሣው እንዴ፣ አባባ? ባዶ ይታያል» አላቸው።

«ተወው!» አሉ። ቆሙ። ዓይናቸውን ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ አዞሩ። «ሩሃማ የታለች?»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ...

«ነይ እንጂ! እዚህ ተቀመጪ።»

አቶ ጌታሰው ግራ ገብቷቸው «ጋሼ፣ የዘመድ ወንበር ነው እኮ» አሉ በቀስታ።

«አውቃለሁ። ይቺ ልጅ ክፉዬንም ደጌንም ጽፋ ፈርማበታለች። ከዚህ ወዲያ ዘመድ ከየት ይምጣልኝ?»

አዳራሹ ሳቀ። እንዳላማው ከሁሉ በላይ ያጨበጭባል። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ተቀመጥኩ። የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ አለቀስኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ፣ እህቴ» ይለኛል። እሳቸው «ተዋት፣ እንዲሁ አንሣን» አሉት።